የሀዋይ ስቲል ጊታር፦ ከመድረክ ወደ ክፍል

ሉኒ ቱንስ የሚባለውን የድሮ ካርቱን ያየ ሰው አጀማመሩን አይረሳውም። ፊልሙ ሊጀምር ሲል ሽቅብ ተለጥጦ የሚወጣ፣ «ብዊዊዊንግ» የሚል ድምፅ አለ። የማሽን ሥራ ይመስላል። ግን ጊታር ነው፤ የሀዋይ ስቲል ጊታር። የተጫወተው ፍሬዲ ታቫሬስ የሚባል የማዊ ደሴት ልጅ ነው። ይሄው ሰው በኋላ ፌንደር ኩባንያ ገብቶ ስትራቶካስተርን፣ ማለትም ዛሬ በየባንዱ የምናየውን ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ከነደፉት አንዱ ሆኗል።

አሜሪካ የምትኖሩ ደግሞ ሳታውቁት ስትሰሙት ኖራችኋል። ሱፐርማርኬት ውስጥ ወይም መኪና ሬዲዮ ላይ የካንትሪ ዘፈን ሲከፈት፣ ከዘፋኙ ኋላ ሆኖ ለቅሶ ለቅሶ የሚለው ድምፅ የዚሁ የሀዋይ መሣሪያ ዘር ነው። ናይጄሪያዊው ኪንግ ሰኒ አዴ በጁጁ ሙዚቃው ውስጥ አስገብቶታል። ህንዶች የራሳቸው አድርገው ራጋ የሚሉትን ባህላዊ ሙዚቃቸውን ይጫወቱበታል።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ድምፁ ዓለምን ሲያዳርስ፣ ተወልዶ ባደገበት በሀዋይ ተጫዋች ሊጠፋ ደርሶ ነበር። አሁን በሁለት መንገድ መልሰው ሊያቆሙት እየሞከሩ ነው፤ በፌስቲቫልና ትምህርት ቤት ድረስ ሄዶ በማስተማር። ሁለቱ ለምን አንድ ላይ መሄድ እንዳለባቸው ለመረዳት መጀመሪያ መሣሪያውን ማወቅ ይጠይቃል።

ጭን ላይ የሚተኛ ጊታር

የለመድነው ጊታር ታቅፈው የሚመቱት ነው። የግራ እጅ ጣቶች ክሩን ወደ አንገቱ ይጫኑታል፤ ፍሬት የሚባሉት ትንንሽ ብረቶች ድምፁን ይለኩለታል። ጣትህ ትንሽ ወዲህ ወይም ወዲያ ብትል ችግር የለም፤ ፍሬቱ ያርምልሃል።

ስቲል ጊታር ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ጭን ላይ ይጋደማል። ክሮቹ ከአንገቱ ከፍ ብለው የተወጠሩ ስለሆኑ ፍሬት አይነኩም። ግራ እጅ ለስለስ ያለ የብረት ዘንግ ይይዝና ክሮቹ ላይ ያንሸራትታል። ቀኝ እጅ ጣቶቹ ላይ ፒክ፣ ማለትም እንደ ጥፍር የሚያገለግል መምቻ፣ አጥልቆ ይመታል። ስቲል የተባለው ዘንጉ ነው። ጊታሩ ራሱ ከእንጨትም ከብረትም ሊሠራ ይችላል።

የእኛን ማሲንቆ አስቡት። ማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን ክሩ ላይ ያስደግፋል እንጂ እንጨቱ ድረስ አይጫንም። የት ማቆም እንዳለበት የሚነግረው ጆሮው ነው። ስቲል ጊታርም እንደዚያው ነው። አንገቱ ላይ መስመሮች ቢኖሩም ለዓይን ምልክት ከመሆን አያልፉም።

ለጀማሪ ልጅ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ቀረብ ብለን እንየው። ክሩ 57 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው እንበል። 1ኛው መስመር አካባቢ ከአንድ ግማሽ ድምፅ ወደ ቀጣዩ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት አለ። 12ኛው መስመር ላይ ሲደረስ ግን ርቀቱ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይጠባል። እዚያ ጋ ዘንጉ 2 ሚሊ ሜትር ቢሳሳት ሰሚው ወዲያው ፊቱን ያጨማድዳል። ስለዚህ ልጁ ዘንጉን ልክ መስመሩ አናት ላይ ማሳረፍ አለበት፤ ተራ ጊታር ላይ እንደለመደው በመስመሮቹ መሃል አይደለም። ደግሞ ከጎን ሆኖ ካየ ዓይኑ ይሸውደዋል። ከላይ ቀጥ ብሎ ማየት አለበት።

አላለቀም። ከዘንጉ ኋላ የሚቀሩትን ጣቶች ክሮቹ ላይ ዝርግ አድርጎ ማሳረፍ አለበት፤ አለዚያ ክሮቹ ከኋላ ሆነው ይንጫጫሉ። ድምፁን ካወጣ በኋላ ደግሞ ዘንጉን በቀስታ ወዲህ ወዲያ ማንቀጥቀጥ አለ። ድምፁን የሰው ድምፅ የሚያስመስለው ይሄ ነው። ሀዋዮች ከደረት ወደ ቀጭን ድምፅ ዘሎ የሚወጣ የአዘፋፈን ስልት አላቸው፤ ጥሩ ስቲል ተጫዋች ያንን በብረት ያስመስለዋል።

ቅኝቱም ሌላ ዓለም ነው። ክሮቹ ባዶአቸውን ሲመቱ የተስማማ ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚሰሙ ድምፆች፣ እንዲሰጡ ተደርገው ይቃኛሉ። ዘንጉ ቀጥ ብሎ እስከተኛ ድረስ የሚወጣው ያው ዓይነት ኮርድ ነው፤ ከፍና ዝቅ ይላል እንጂ ባሕርይው አይለወጥም። ሌላ ኮርድ ከተፈለገ ዘንጉን ማጋደል ወይም ክር መርጦ መምታት ይጠይቃል። የትኛው ክር በየትኛው ድምፅ እንደሚቃኝ እያንዳንዱ አንጋፋ የራሱ ምርጫ ነበረው። ይህን ያዙልኝ፤ ጣጣ ያመጣው አንዱ ይሄ ነው።

የተማሪ ፈጠራ

ጊታር ወደ ሀዋይ የገባው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ የሜክሲኮ ከብት ጠባቂዎች ይዘውት እንደሆነ ይነገራል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) ሀዋዮች ክሩን አላልተው በራሳቸው ቅኝት መጫወት ጀመሩ። ብረቱ የመጣው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው።

ጆሴፍ ኬኩኩ በ1874 ኦዋሁ ደሴት ላይ ላኢዬ በምትባል ቦታ ተወለደ። ታሪኩ እንዲህ ነው የሚተረከው፦ ልጁ ጊታሩን እየመታ በባቡር ሐዲድ ዳር ሲሄድ ቡሎን አገኘ። አንስቶ ክሩ ላይ ቢያንሸራትተው ድምፁ ማረከው። ያኔ 11 ዓመቱ ነበር የሚሉ አሉ፤ 15 ነበር የሚሉም አሉ። ከእሱ በፊት የጀመሩ ነበሩ ብለው የሌላ ሰው ስም የሚጠሩም አልጠፉም። ቡሎኑን ማን መጀመሪያ አነሳው የሚለው ክርክር ለእኔ ያን ያህል አይደለም። ትልቁ ነገር ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ልጁ ሆኖሉሉ በሚገኘው የካሜሃሜሃ የወንዶች ትምህርት ቤት ይማር ነበር፤ በልዕልት በርኒስ ፓዋሂ ቢሾፕ ኑዛዜ ለሀዋይ ልጆች በ1887 የተከፈተ ትምህርት ቤት ነው። እዚያው ወርክሾፕ ውስጥ የሚመች የብረት ዘንግ ተሠራ። ክሮቹን ከፍ አደረገ። ስልቱን አሻሻለ። ከየደሴቱ የመጡ ጓደኞቹ አይተው ቀዱት፤ አገራቸው ሲገቡም ይዘውት ገቡ።

እንግዲህ ይህ መሣሪያ መጀመሪያውኑ የተስፋፋው በተማሪዎች እጅ ነው። ዛሬ «ትምህርት ቤት እናስገባው» ሲባል አዲስ ሐሳብ የሚመስለው ካለ ይህን ልብ ይበል።

ዘመኑ ለሀዋዮች ክፉ ነበር። በ1893 ንግሥት ሊሊኡኦካላኒ ከዙፋኗ ወረደች። በ1896 በወጣ ሕግ የትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ። በ1898 ደሴቶቹ ከአሜሪካ ጋር ተቀላቀሉ። ቋንቋው ከክፍል ሲባረር ሙዚቃው ግን መርከብ ተሳፍሮ ወጣ። ኬኩኩ በ1904 ወደ ዋናው የአሜሪካ ምድር ተሻገረ፤ በኋላም አውሮፓን ዞረ፤ በ1932 ኒው ጀርሲ ውስጥ አረፈ። በ1915 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በተካሄደው ትልቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የሀዋይ ድንኳን ሙዚቀኞች ሕዝቡን አሳበዱት። በዓመቱ የሀዋይ ሸክላ አሜሪካ ውስጥ ከሁሉም ዓይነት ሙዚቃ በላይ ተሸጠ ይባላል። ታው ሞኤና ባለቤቱ ሮዝ ደግሞ ለአሥርት ዓመታት ከአገር አገር ሲዞሩ ኖሩ፤ ህንድም አስተምረዋል።

ኤሌክትሪክ ጊታርም ከዚሁ ቤት የወጣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዳንስ ባንድ መሃል የስቲል ጊታር ድምፅ አልሰማ ስላለ፣ በኋላ ሪከንባከር የተባለው ኩባንያ በ1932 «መጥበሻ» የሚል ቅጽል የወጣለትን መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። በገበያ የቀናው የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ ጊታር ነው የሚባለው ይሄ ነው። የተሠራውም ጭን ላይ አጋድመው ለሚጫወቱት የሀዋይ ስልት ነበር።

ታዲያ እንዴት ሊጠፋ ደረሰ?

አንዱ ምክንያት ራሱ ዝናው ነው። ከ1935 እስከ 1975 ከዋይኪኪ የሚተላለፍ «ሀዋይ ኮልስ» የሚባል የሬዲዮ ፕሮግራም ነበር። የማዕበሉ ድምፅና የስቲል ጊታሩ ድምፅ ተቀላቅሎ በዓለም ይሰማ ነበር። ቱሪስት ጎረፈ። ቀስ በቀስ ግን ስቲል ጊታር ለወጣቱ «የሆቴል ሙዚቃ» ሆነበት። በ1970ዎቹ ሀዋዮች ቋንቋቸውንና ባህላቸውን መልሰው ሲያነሱ፣ ወጣቱ ያነሳው ክሩ የላላውን የጊታር ስልትና ኡኩሌሌን ነው። ስቲሉ የአያቶችና የፖስትካርድ ነገር ተደርጎ ቀረ።

ሁለተኛው የቅኝቱ ጉዳይ ነው። የድሮዎቹ ተጫዋቾች እጅግ ምስጢረኛ ነበሩ። ለእረፍት ከመድረክ ሲወርዱ ሌላ ሰው ቅኝታቸውን እንዳይሰርቅ ክሩን አዛብተው የሚሄዱ ነበሩ ይባላል። ለእንጀራቸው ብለው ነው፤ አይፈረድባቸውም። ውጤቱ ግን ሰውየው ሲሞት ሙያውም አብሮት ተቀበረ።

ይህን የሰበረው የሀዋይ ተወላጅ እንኳ አይደለም። ጄሪ በርድ በ1920 ኦሃዮ ውስጥ ላይማ ከተማ ተወለደ። ከታዋቂው ዘፋኝ ከሃንክ ዊሊያምስ ጋር ሸክላ የቀረጸ የካንትሪ ሰው ነው። ልቡ ግን ሁሌም ሀዋይ ነበር። በ1972 ጓዙን ጠቅልሎ ሆኖሉሉ ገባ። ሲደርስ የሚማር ወጣት የለም። ቅኝቱን ሳይደብቅ ማስተማር ጀመረ። ዛሬ በዘርፉ ስማቸው ከሚጠራው አንዱ የሆነው አላን አካካ የእሱ ተማሪ ነው። በ1985 ደግሞ ካናዳዊቷ ሎሪን ሩይማር የሀዋይ ስቲል ጊታር ማኅበርን መሠረተች። አንዱ ከኦሃዮ፣ አንዷ ከካናዳ። የራስህን ነገር ባዕድ ሲያከብርልህ ያሳፍራል፤ ግን ያነቃል።

ፌስቲቫሉ ምን ይሠራል?

አላን አካካ ኦዋሁ ላይ ካይሉዋ ውስጥ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አለው። ሂሜሌ በሚል ምሕጻር ከሚታወቀው ለትርፍ ያልቆመ ተቋም ጋር ሆኖ በማዊ፣ በካዋይና በኦዋሁ ደሴቶች የስቲል ጊታር ፌስቲቫሎችን ሲያዘጋጅ ቆይቷል። ቦታው ትልቅ አዳራሽ አይደለም። የሆቴል ግቢ ነው፤ ወይም ዋይኪኪ መሃል ያለ የገበያ ማዕከል። ባብዛኛው መግቢያው ነፃ ነው። ማታ ኮንሰርት፣ ቀን ስልጠና ይኖራል። የፈለገ ሰው ተመዝግቦ መድረክ ላይ የሚወጣበት ሰዓትም አለ። ሲመሽ ደግሞ ካኒካፒላ የሚሉት አለ፤ መሣሪያ ያለው ሁሉ ክብ ሠርቶ የሚጫወትበት ነው።

የገበያ ማዕከል መመረጡ ብልሃት ነው። ትኬት ቆርጦ ኮንሰርት የሚገባው ድሮም ነገሩን የሚወድ ሰው ነው። ጫማ ሊገዛ የወጣ ቤተሰብ ግን ሳያስበው ይቆማል። ልጅየው «ይሄ ምንድን ነው?» ይላል። ነገሩ እዚያ ይጀመራል።

ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ያበቃል። የፌስቲቫል ጭብጨባ አድማጭ ያፈራል እንጂ ተጫዋች አያፈራም። ደግሞ ገንዘቡ የሚመጣው ከሆቴሎች፣ ከቱሪዝም መሥሪያ ቤትና ከለጋሾች ነው። ስፖንሰሩ የሚፈልገው የሞላ ወንበርና ያማረ ፎቶ ነው። ይህን ሳይታረም ከተዉት ፌስቲቫሉ ያንኑ «የሆቴል ሙዚቃ» የሚል ስም መልሶ ያጸናዋል።

ለማነጻጸር የሀዋይ ቋንቋን ማየት ይበቃል። በ1978 በሕገ መንግሥት ከእንግሊዝኛ ጋር የግዛቲቱ ይፋዊ ቋንቋ ተደረገ። ያ ክብር ነው፤ ልጅ ግን በክብር አይናገርም። ለውጥ የመጣው በ1984 ካዋይ ላይ ኬካሃ ውስጥ ፑናና ሌኦ የሚባለው በሀዋይኛ ብቻ የሚያስተምር መዋዕለ ሕፃናት ሲከፈት ነው። ሙዚቃም ከዚህ የተለየ መንገድ ያለው አይመስለኝም።

ክፍል ውስጥ ሲገባ

የትምህርት ቤት ጉብኝት ከፌስቲቫሉ ጋር ሲገጣጠም ሒሳቡ ይቀላል። ሙዚቀኛው ለኮንሰርት ብሎ ወደ ሌላ ደሴት በአውሮፕላን መሄዱ አይቀርም። ቲኬቱ ተከፍሏል። አንድ ቀን ቀደም ብሎ ሄዶ ጠዋቱን ተማሪዎች ጋ ቢያሳልፍ የሚጨምረው ወጪ ጥቂት ነው።

ጥሩ ጉብኝት ንግግር አያበዛም። የኬኩኩን ቡሎን ታሪክ ትነግራቸዋለህ፤ በእነሱ ዕድሜ የነበረ ልጅ ስለሆነ ይይዛቸዋል። ከዚያ የካርቱኑን ድምፅ ታሰማቸዋለህ። ከዚያ መሣሪያውን ለእነሱ ትለቃለህ። ዘንጉን አንዴ ያንሸራተተ ልጅ ሳይስቅ አይቀርም። ያ ሳቅ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ባህል ቅርስ ከሚሰጥ ገለጻ ይበልጣል።

ችግሩ ከሳቁ በኋላ ነው። ብዙ የሀዋይ ልጅ አንደኛ ደረጃ ላይ ኡኩሌሌ ይማራል። መነሻው በ1879 የመጡ ፖርቱጋሎች ትንሿ ጊታር ነበረች፤ በ2015 ግን ግዛቲቱ ኡኩሌሌን ከይፋዊ የሙዚቃ መሣሪያዎቿ አንዱ አድርጋዋለች። እዚያው የተፈጠረው ስቲል ጊታር ክፍል ያልገባበት ምክንያት ንቀት ብቻ አይደለም። ኡኩሌሌ ርካሽ ነው። ሠላሳ ልጅ በአንዴ ቢመታው ደስ ይላል። ሠላሳ ጀማሪ በአንዴ ዘንግ ሲያንሸራትት ግን እግዜር ይጠብቅህ። ኤሌክትሪኩ አምፕሊፋየር ወይም ሄድፎን ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ የሙዚቃ መምህሩ ራሱ አይችለውም።

ስለዚህ የሚያዋጣው ሙሉ ክፍል ማስተማር አይደለም ባይ ነኝ። ጉብኝቱ ወንፊት ይሁን። ከመቶ ልጅ ሁለቱ ዓይናቸው ቢበራ እነዚያን መያዝ ነው። ኡኩሌሌ የቻለ ልጅ ኮርድ ያውቃል፤ ጆሮው ተከፍቷል፤ መሠረቱን ጥሎ ጨርሷል። የሚቀረው አስተማሪ ነው። ኦዋሁ ላይ ይገኛል። ሌሎቹ ደሴቶች ላይ ግን ይከብዳል፤ በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርት እዚህ ላይ ይጠቅማል። የስቲል ጊታር ማኅበሩም ለተማሪዎች የሚሰጠው የገንዘብ ድጋፍ አለ።

ፌስቲቫሉ እውነተኛ ጥቅሙን የሚያሳየው አሁን ነው። ቤቱ ብቻውን የሚለማመድ ልጅ ወር ሳይሞላው ይሰለቻል። «ለፌስቲቫሉ አንድ ዘፈን አዘጋጅ» ሲባል ግን ቀን ተቆርጦለታል። መድረክ ላይ ሲወጣ ደግሞ ከታች ያሉት ልጆች የሚያዩት እኩያቸውን ነው። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ምን ያህል ቢራቀቅ ይህን ሊያደርግ አይችልም። ኦዋሁ ላይ የሚዘጋጁት ፌስቲቫሎች ለልጆች የተለየ ሰዓት መስጠታቸው ለጌጥ አይደለም። የእኔ ምርጫ ቢሆን ያንን ሰዓት ከጠዋት አንስቼ ወደ ማታው ዋና ኮንሰርት መሃል አስገባው ነበር።

የመሣሪያው ዋጋ እንደሚወራው አያስፈራም። ኤክስቴንሽን ነት የሚባል፣ ክሮቹ ጭንቅላቱ ጋ በሚያርፉበት ቦታ ላይ የሚገባ ትንሽ ብረት አለ። ክሮቹን ከፍ ያደርጋቸዋል። ማንኛውም አሮጌ ጊታር በእሱ ወደ ስቲል ጊታር ይለወጣል፤ ሲያወልቁት ተመልሶ ተራ ጊታር ነው። ለትምህርት ቤት ከዚህ የሚመች ነገር የለም።

እናንተም ቤት ጥግ ላይ የቆመ ጊታር ካላችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ከስድስቱ ክሮች ሦስቱን ብቻ አንድ አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርጉ፤ በጣም ወፍራሙን፣ ቀጥሎ ያለውን፣ እና በጣም ቀጭኑን። ሌሎቹን አትንኩ። አሁን ባዶውን ስትመቱት ጂ ሜጀር ኮርድ ይሰጣችኋል። ጭናችሁ ላይ አጋድሙት። ኤክስቴንሽን ነት ከሌለ ክሮቹ ጭንቅላቱ ጋ በሚያርፉበት ሥር እርሳስ ብጤ አስገብታችሁ ከፍ አድርጓቸው። ለዘንግ ከመካኒክ ረዘም ያለ የቡሎን መፍቻ ሶኬት ተዋሱ፤ ለስላሳና ከበድ ያለ ይሁን። 5ኛው ፍሬት አናት ላይ አሳርፉና ምቱ። ከዚያ 7ኛው፤ ከዚያ ተመለሱ ባዶው። ሦስት ኮርዶች አገኛችሁ። አትጫኑ፤ የዘንጉ ክብደት ራሱ ይበቃል።